ሳቢያን ሸራ ሥር ያለው መርሴዲስ 190፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

የከዚራ ልጅ

ሰላም የመኪና ወዳጆች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ስድብም ካለ እቀበላለሁ።

ድሬ ነው የምኖረው። ትንሽ ብር አለችኝ። ባንክ ላስቀምጣት ስል ሐምሌ 2016 ትዝ ይለኛል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ እኔ ደብተሬን ታቅፌ ቁጭ ብዬ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም። የሚገዛው ነገር ነው የሳሳው።

መሬት አቅሜ አይደለም። ወርቅ ብገዛ ሚስቴ አንገቷ ላይ ታደርገዋለች እንጂ አትሸጥልኝም። ስለዚህ መኪና አሰብኩ። ቪትዝ ደግሞ ልቤ እንቢ አለ።

ሳቢያን ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ መርሴዲስ 190 አገኘሁ። ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ወደ ሰማያዊ ይላል። ኋላው ላይ ክንፍ አለው። ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ ለብሷል። ደላላው "ይሄ ባለ 16 ቫልቩ ነው፣ አውሮፓ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው፣ አምስት ዓመት ብቻ አስቀምጠው፣ ቤት ይገዛልሃል" አለኝ። ባለቤቱ ጅቡቲ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው፣ አሁን በሕይወት የሉም። የሚሸጡት ልጆቻቸው ናቸው። 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ይላሉ። ከቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

የኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ ነው ያለው። ውስጡ ዶሮ ታቅፋለች። ቀልድ አይደለም።

እንደ ኢንቨስትመንት ምን ትላላችሁ?

ባጃጅ ሳቢያን

አቦ ዶሮዋን ግዛ። ትርፉ የታወቀ ነው።

ጋሼ ካንዴላ

ልጄ፣ ሸራውን ሳታስነሳ ዋጋ አትነጋገር።

እኔ ሥራ የለመድኩት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ከዚያ በኋላ ድሬም ሐረርም ጋራዥ ሠርቻለሁ። ዕድሜ ልኬን እጄ ከግራሶ ወጥቶ አያውቅም። ባለ 16 የሚባለውን 190 ግን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም መንገደኛ ይዞት የመጣ። ስለዚህ "ሳቢያን አለ" ስትለኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደላላውን ነው።

መኪናውን ልንገርህ። 190 እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ። በዓመቱ ባለ 16 ቫልቩን አሳዩ። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር 2.3 ሊትር ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለቴ ነው፣ የሠራላቸው ኮስዎርዝ የሚባለው የእንግሊዝ የሩጫ ሞተር ቤት ነው። 185 የፈረስ ጉልበት አለው። በ1983 ጣልያን አገር ናርዶ የሚባል ክብ መንገድ ላይ ሦስት መኪና አሰልፈው 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ነዱት፣ በአማካይ በሰዓት ወደ 248 ኪሎ ሜትር። ቀን ከሌሊት። እኛ ደንገጎን ለመውጣት ስንት ጊዜ ነው ራዲያተር ላይ ውሃ የምናፈሰው?

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ጀርመን አገር የኑርበርግሪንግ አዲሱ የሩጫ ሜዳ ሲመረቅ ስመ ጥር ሾፌሮችን ሁሉ እዚህ መኪና ላይ አስቀምጠው አወዳደሩ። ላውዳ ነበረ፣ ፕሮስት ነበረ። ያሸነፈው ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው አይርተን ሴና ነው። መኪናው ወሬው እስከ ዛሬ የሚወራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሳቢያን እንመለስ። ክንፍ አየሁ ብለህ አትደሰት፣ ክንፍ ይለጠፋል። ቀለሙ ይገጥማል፤ ባለ 16 ቫልቩ 2.3 የወጣው በሁለት ቀለም ብቻ ነው፣ ያንተ ዓይነት ሰማያዊ ጥቁርና ጭስ የመሰለ ብርማ። ግን ኮምፕሬሰር ያለው ሁሉ ቀለም ይቀባል።

ማርሹን ያዘው። የአውሮፓው ባለ 16 አንደኛ ማርሹ ወደ ግራና ወደ ታች ነው፣ እንደ ሌላው መኪና ወደ ላይ አይደለም። ማርሹ ፊት ለፊት ሦስት ትንንሽ ሰዓቶች አሉ። አንዱ የዘይት ሙቀት ነው፣ አንዱ ቮልት ነው፣ አንዱ እንደ ሯጭ ሰዓት የሚቆጥር ነው። የኋላ ወንበሩም ለሁለት ሰው ተጎድጉዶ የተሠራ ነው።

ሁሉንም የሚጨርሰው ግን የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ደብሊው ዲ ቢ ከሚለው ቀጥለው ያሉትን ስድስት አኃዞች አንብብ። 201034 ካለ ደላላህን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። 201024 ባለ 2 ሊትሩ ነው፣ 201028 ተራው 2.3 ነው፣ 201029 ባለ 6 ሲሊንደሩ 2.6 ነው። ኮፈኑን ክፈት፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ብረት ላይ ተመትቷል። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክር። እዚህ ስትጽፍ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ደብቃቸው፣ መድረኩ ላይ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ።

የጁገል ልጅ በጀርመን

ጋሼ ካንዴላ ጨርሰውታል። እኔ ከዚህ በኩል ያለውን ልንገርህ። ሐረር ተወልጄ ጀርመን 22 ዓመቴ ነው። የበሽታህ ተካፋይ ነኝ።

የዛሬ አስር ዓመት ገደማ አንድ ቢኤምደብሊው ኤም 5 ገዛሁ። ኢ34 የሚባለው፣ 3.6 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 315 የፈረስ ጉልበት። ከሩቅ ስታየው ተራ የቤት መኪና ነው። ይሄ ነው የሚያሳብደው። ለሚስቴ "ይሄ ወጪ አይደለም፣ ቁጠባ ነው" አልኳት። እሷም ዝም አለች። የሴት ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የሞተሩ ቫልቭ በየጊዜው በእጅ ይስተካከላል። ትንንሽ የብረት ሳህኖች እያወጣህ፣ እየለካህ፣ ሌላ እየቀየርክ። ያንን ከልቡ የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ እዚህም ጥቂት ነው፣ የሰዓት ዋጋውም እንደዚያው። የጋራዥ ኪራይ አለ። ኢንሹራንስ አለ። ጎማው ሳይነዳ ያረጃል። ስድስት ዓመት ይዤው ከገዛሁበት በላይ ሸጥኩት። በደስታ ሰከርኩ። ከዚያ ደረሰኞቹን ሰብስቤ ደመርኳቸው። ከኪሴ ጨምሬ ነው የሸጥኩት።

እዚህ ዋጋቸው የሚወጣው የትኞቹ ናቸው ካልክ፣ መጀመሪያ በቁጥር ትንሽ የሆኑት። የ190ው ኢቮሉሽን 2 የተሠራው 502 ብቻ ነው፣ እሱም የውድድር ሕጉ 500 ይሠራ ስላለ ነው። ከዚያ ታሪክ ያለው። 500 ኢ የሚባለውን ውሰድ፣ ተራ የሚመስል መርሴዲስ ነው፣ ግን ቪ8 ሞተር አለው፣ ፖርሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው የተገጣጠመው። ከዚያም ያልተነካካ። የመጨረሻው ወረቀት ነው። እዚህ ሰው መኪና ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ ኮፈን አይከፍትም፣ ፋይል ነው የሚከፍተው። የሰርቪስ ደብተሩ ማህተም በማህተም ይታያል። ወረቀት የሌለው ባለ 16ና ወረቀት ያለው ባለ 16 ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው።

ያንተ የሳቢያኑ መኪና ስድስት ዓመት ቆሟል። ደብተር አለው?

ባጃጅ ሳቢያን

ጋሼን "ጨርሰውታል" አልክ? ሐረር ተወልጄ ነው ትላለህ ደግሞ። አንቱታ የተማርከው ጀርመን ነው መሰል።

ጋሼ ካንዴላ

እኔን አንቱ የሚለኝ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ ነው። አንተ በሉኝ።

ሊብሬ ትቅደም

ወንድሜ የከዚራ ልጅ፣ ሁሉም ስለ ቫልቭ ያወራል። እኔ ስለ ሟቹ ልጠይቅህ። ሊብሬው በማን ስም ነው?

በአባትየው ስም ከሆነ ልጆቹ ዛሬ ሊሸጡልህ አይችሉም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ መፈረም አለበት። አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልና ይልካል። ከዚያ ነው ውልና ማስረጃ የምትቀርቡት። ደላላ "ቀብድ ስጣቸውና ወረቀቱ ይደርሳል" ይልሃል። አትስጥ።

ይሄን የምለው አፌን ሞልቼ ነው። እኔ ከወራሾች መኪና ገዝቼ፣ ጎማ ቀይሬ፣ ወንበር አሰፍቼ፣ በስምንተኛው ወር ሌላ ልጅ መጣ። ከሌላ እናት። መብቱ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን መኪናው አንድ ዓመት ከግማሽ በእግድ ቆመ። ጎማው ፀሐይ ላይ ሲሰነጣጠቅ በአጥር ላይ አየው ነበር።

ከጅቡቲ የመጣ ስለሆነ ዲክላራሲዮኑንም፣ የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ጠይቅ። ቀረጡ በሙሉ ተከፍሎ ነው የገባው ወይስ በነፃ መብት? በነፃ ከገባ ስም ሲዞር የሚነሳ ጥያቄ አለ። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ድሬ ውስጥ ሞተሩ ያልተቀየረ አሮጌ መኪና ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ለመንገድ ትራንስፖርት አልተነገረም።

ፔጆ 404

ሰላም ለሁላችሁ ከሐረር።

እናንተ ኢንቨስትመንት ትላላችሁ። እኔ ሸዋ በር ቆሜ 404 እነዳለሁ። ይሄ መኪና ፈረንሳይ ውስጥ መሠራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሦስት ልጆች አስተምሮልኛል። አንዷ አሁን ነርስ ናት።

404 ለምን አልሞተም? ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እዚህ ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው። ፍሪሲዮኑን ጨለማ ውስጥ የሚያወርድ ልጅ አለ። የጠፋውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ይቆርጡልሃል። ካርቡራቶሩ ሲዘጋ በአፌ እነፋዋለሁ። ያንተ መርሴዲስ ግን ቤንዚኑን የሚያከፋፍል አንድ ነገር አለው፣ እሱን እኔ በአፌ ልነፋ አልችልም።

እዚህ መኪና ዋጋ አለው የሚባለው ሲበላሽ የሚሠራው ሰው ካለ ነው። ሰው ከሌለ ሐውልት ነው።

ጋሼ ካንዴላ

404 ያለው እውነት ነው። የ190ው ቤንዚን ማከፋፈያ የቦሽ ኬኢ-ጄትሮኒክ ይባላል። ሲሠራ እንደ ሰዓት ነው። ሲቆም ግን ቤንዚኑ ውስጡ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። ስድስት ዓመት የቆመ ከሆነ ታንኩ ሳይጸዳ ሞተሪኖ (ማስነሻው) እንዳይነካ። "እስቲ እናስነሳው" ብለው ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይልኩታል፣ ከዚያ ጓደኛህ እኔ ነኝ።

ኮድ 2

እኔ አልስማማም። እናንተ ሽማግሌዎች ልጁን አታስፈራሩት።

የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ቆሟል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪናን አንቆት ነበር። አዲስ የሚገባ የለም ማለት አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ዕቃ ካልጨመረ ዋጋው ወዴት ይሄዳል? መርሴዲስ ደግሞ መርሴዲስ ነው። ግዛ፣ ሸራህን አልብስ፣ ተኛ።

ቻርጀር

ኮድ 2፣ ያ ክልከላ የመጣበት ምክንያት ራሱ ያንተን ነገር ያፈርሰዋል። ድሬ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና ስንት እንደሆነ አላየህም? እኔ ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም፣ የቤንዚን ሰልፍ የት እንደሆነ ረስቻለሁ። አስር ዓመት ቆይቶ ባለ 2.3 ሊትር መኪና ማን ይገዛልሃል?

ኮድ 2

መብራት ሲጠፋ እንነጋገራለን።

ቻርጀር

ቤንዚን ሲጠፋስ?

የጁገል ልጅ በጀርመን

ሁለታችሁም የልጁን ጥያቄ አልመለሳችሁም። መኪናው በብር ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ግን መኪናው ነው የወጣው ወይስ ብሩ ነው የወረደው? ለሁለተኛው ከሆነ ቪትዝም ያው ነው። እንዲያውም ይሻላል። ቪትዝ ጠዋት አውጥተህ ማታ ትሸጠዋለህ። ባለ 16 መርሴዲስ ግን "ይሄ ምን እንደሆነ የሚያውቅ" ገዢ ይፈልጋል። ድሬ ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ጋሼ ነው፣ ጋሼ ደግሞ አይገዛም።

"አውሮፓ እሸጠዋለሁ" ካልክም ያለ ደብተር፣ ያለ ታሪክ፣ መርከብ ከፍለህ አምጥተህ ነው። የደላላው ቤት እዚያው ጅቡቲ ወደብ ላይ ያልቃል።

የከዚራ ልጅ

ዛሬ ሄጄ ነበር። ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ።

ሸራውን አነሳን። አቧራው ጣት ያሰምጣል። ማርሹን ነካሁት፣ አንደኛው ወደ ላይ ነው። ትንንሾቹ ሰዓቶች የሉም፣ በቦታቸው የሳንቲም ማስቀመጫ ነው ያለው። የኋላ ወንበሩ ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ለልጁ "ባለ 16 አይመስልም" አልኩት። "የለም፣ ይሄ ልዩ ትዕዛዝ ነው" አለኝ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈትን። ጋሼ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን የካንዴላ ገመድ መቁጠር እችላለሁ። ስድስት ናቸው። ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጌ አነበብኩት፣ 201029 ይላል።

ጋሼ ካንዴላ

ስድስት ገመድ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ቫልቩም ለየሲሊንደሩ እኩል ይካፈላል። 16ን ለ6 አካፍል እስቲ።

ባጃጅ ሳቢያን

😂 ሁለት ይደርሳል፣ አራት ይተርፋል። አራቱን ቫልቭ ደላላው ወሰዳቸው።

ጋሼ ካንዴላ

ልጄ፣ ደላላው ዋሽቷል። መኪናው ግን አልዋሸም። ያገኘኸው 190 ኢ 2.6 ነው። ይሄ ደግሞ ንቀው የሚያልፉት አይደለም። 2,599 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር በመስመር፣ 12 ቫልቭ፣ 160 ምናምን የፈረስ ጉልበት። በትልቁ 124 ላይ የሚገባው ሞተር ወንድም ነው። ትንሽ አካል ላይ ትልቅ ሞተር ተጨናንቆ ገብቷል፣ ለዚህ ነው ኮፈን ሲከፈት እጅ ማስገቢያ የሚጠፋው። ለስላሳ ነው። ሐረር ድረስ ብትነዳው ልብህ ይቀልጣል። ሰብሳቢ የሚሻማበት ግን አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ነፃ ነኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ማግኔት ይዤ።

ሊብሬ ትቅደም

ሊብሬውስ? ስለ ሊብሬው ምንም አልጻፍክም።

የከዚራ ልጅ

በአባትየው ስም ነው እህቴ። አምስት ልጆች ናቸው። አንዷ ካናዳ ናት። አራቱ ድሬ ስላሉ "እሷን ስልክ እንደውልላታለን" አሉኝ።

ሊብሬ ትቅደም

ስልክ ፊርማ አይሆንም።

የከዚራ ልጅ

የቅዳሜውን ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ብዙ ተምሬያለሁ።

ጋሼ ካንዴላ መጣ። ሻይ አልጠጣም አለ፣ ቡና አልጠጣም አለ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች የድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣ። ከፊት ፓራፋንጎ ጀምሮ በመኪናው ዙሪያ እያስጠጋት ሄደ። ላሜራ ባለበት ትለጠፋለች። በቀኝ የኋላ በር ሥር ስትደርስ ወደቀች። እንደገና አስጠጋት፣ ወደቀች። "ስቱኮ" አለ፣ በላሜራ ፋንታ መሙያ ማለት ነው። ሌላ ምንም አላለም። ጣቱን አጥፎ አንኳኳው፣ ድምፁ እንደ እንጨት ነው።

ከዚያ ካርቶን አንጥፎ ሥሩ ገባ። ክሪክ የሚደገፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አደረጋቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ላይ ካቻቪቴው ሰጠመ። ያ የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው ችግሩ። ከጀርባው አቧራና ውሃ ይዞ ቆይቷል። ዝገቱን የጅቡቲ የባሕር ጨው ነው ያስጀመረው፣ ድሬ ደረቅ ስለሆነች ነው ያቆመችው። "ድሬ ለላሜራ ሆስፒታል ናት፣ ለጎማ መቃብር ናት" አለኝ። እውነቱን ነው። የበሮቹ ጎሚኒ በሙሉ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

የታንኩን ቤንዚን አስወጣ። ቀለሙ እንደ ቡና ሻይ ነው፣ ሽታው ቀለም ቤት ይመስላል። በጄሪካን ያመጣነውን ንጹሕ ቤንዚን አደረገ፣ ባትሪ አገናኘ፣ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ሞተሩን በእጅ አዞረው። አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሞተሪኖውን ነካ።

በአምስተኛው ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ቀነሰ። የቫልቭ ጎሚኒ ነው አለ፣ እንግዳ ነገር አይደለም። ስድስት ሲሊንደር ቆሞ ሲሠራ ያለውን ድምፅ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጋሼ የሻይ ብርጭቆ ከልጆቹ እናት ተቀብሎ ሞተሩ ላይ አስቀመጠ። (አልጠጣም ያለው ለዚህ ኖሯል።) ሻዩ ላይ ትንሽ ክብ ብቻ ነው ያየሁት።

ዶሮዋ ከኋላ አልተነሳችም። አንገቷን ብቻ ቀና አደረገች።

"እስቲ መንገድ ላይ እናውጣው" አልኩ። እናትየው መጡ። "ዶሮዋ ሳትፈለፍል መኪናው ከዚህ አይነቃነቅም" አሉ። ልጆቹ ሊያግባቧቸው ሞከሩ። አልሆነም።

ባጃጅ ሳቢያን

ወላሂ ከሁላችሁም ነገር የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ኮድ 2

ስለዚህ ስንት ብትሰጥ ይሻላል? 1.9 ለ2.6 አይሆንም።

ጋሼ ካንዴላ

ላሜራው ይቆረጥና በአዲስ ይበየዳል፣ ባትላሜራ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የበር ጎሚኒ ከአዲስ አበባ ይፈለጋል። የቫልቭ ጎሚኒ፣ ቺንጋ፣ የውሃ ቱቦ በሙሉ፣ አራት ጎማ። የራዲያተሩን ነገር ዳገት ላይ ካላየሁት አላውቅም። ይሄን ሁሉ ጽፌ ለልጁ ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱን ይዞ ይደራደር፣ ደላላውን ግን ከመሃል ያውጣ። የዋሸ ሰው መሃል ከቆመ ዋጋው ላይ የውሸቱም ድርሻ አለበት።

የጁገል ልጅ በጀርመን

ከገዛህ ያንን ክንፍ አንሳው። ፕላስቲኩንም። ያልሆነውን የሚመስል መኪና እዚህም እዚያም ዋጋ የለውም። ተራ 2.6 ሆኖ ንጹሕ ሲሆን ያምራል። የነቀልከውን አትጣል፣ የፋብሪካው እውነተኛ ባለ 16 ክንፍ ከሆነ ፎቶ ላክልኝ፣ ክንፉ ብቻውን ገዢ ሊኖረው ይችላል።

ፔጆ 404

ደንገጎ ላይ ከፈላ ደውልልኝ። ገመድ አለኝ።

የከዚራ ልጅ

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። ሁሉንም በአንድ ልጨርስላችሁ።

የወራሽነቱን ወረቀት አስጨረሱ። የካናዳዋ እህት ውክልና ላከች። አምስቱም ስማቸው ስላለ እህታችን ሊብሬ ትቅደም እንቅልፍ ትተኛ። ዲክላራሲዮኑ በአባትየው ሳጥን ውስጥ ተገኘ፣ ቀረጡ ተከፍሏል። የሞተር ቁጥሩም ይገጥማል። ሳጥኑ ውስጥ የጅቡቲ የጋራዥ ደረሰኞች አብረው ነበሩ፣ በፈረንሳይኛ፣ በላስቲክ የታሰሩ። ሰውየው ዘይት የቀየሩበትን ቀን ሁሉ ጽፈዋል። ለጀርመኑ ወንድማችን ፎቶ ልኬለታለሁ፣ ከኔ በላይ ተደስቷል። ክንፉ ግን የገበያ ክንፍ ነው አለኝ፣ የፋብሪካ አይደለም።

ከፈረምን በኋላ ጋሼና እኔ ደንገጎን ወጣን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሃል ላይ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ። እስከ ግማሽ ድረስ መርፌው አልተነቃነቀም። ከአንድ አይሱዙ ኋላ ተጠምደን በሁለተኛ ማርሽ ስንሳብ ጀመረ። 90፣ 100፣ ከ110 አለፈ። ጋሼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈተው አለኝ። በድሬ ሙቀት ማሞቂያ ከፍቼ፣ መስኮት አውርጄ፣ ሁለታችን ላብ በላብ ሆነን ደንገጎ ደረስን። ወረደ። ፋኑን የሚያገናኘው ክላች ደክሟል ማለት ነው። ፔጆ 404፣ አልደወልኩልህም። ግን ቁጥርህን አውጥቼ ነበር።

1 ሚሊዮን 150 ሺህ ነው የከፈልኩት። እንደ ኢንቨስትመንት አትጠይቁኝ። ሂሳቡን ጽፌዋለሁ፣ ለሚስቴ አላሳየኋትም። ቪትዝ ብገዛ ኖሮ ዛሬ ቪትዝ ይኖረኝ ነበር።

አሁን የምፈልገው የበር ጎሚኒ ነው፣ አራቱንም። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ጠይቄ የለም አሉኝ። የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ሊብሬ ትቅደም

እንኳን ደስ ያለህ። ስም ማዞሩን ዛሬ ነገ አትበል።

ጋሼ ካንዴላ

ጎሚኒውን እኔ ጋ ተወው። አዲስ አበባ ልጅ አለኝ።

ባጃጅ ሳቢያን

ዶሮዋስ?

የከዚራ ልጅ

አስራ አንድ ፈለፈለች። መኪናውን ላወጣ ስል እናትየው በካርቶን አድርገው ሁለት ጫጩት መረቁልኝ።

ባጃጅ ሳቢያን

አላልኩህም?